አራት እጅ ነጭ

አራተኛው ነጭ ቀለም በስፓቱላው ጫፍ ተነሥቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲወድቅ፣ ከሥሩ አረንጓዴው ብቅ አለ። ጋሽ ብሩሽ እጃቸውን ገታ አደረጉ። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ከአርባ ዓመት ቅብ በኋላ ግን ሚስታቸው እንኳ የምትጠራቸው በዚሁ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ሲነጫነጩ ነበር። «አንድ እጅ ነጭ ይሁን። ሁለተኛ እጅም ይደረብ፣ ለማማር ነው። በነጭ ላይ ነጭ፣ እንደገና ነጭ፣ እንደገና ነጭ ምን የሚሉት በሽታ ነው?» እያሉ ለብቻቸው ያወራሉ። ዘመኑም ይገርማቸዋል። ወጣት ሳሉ ሰዉ አሮጌ ቀለሙን የሚያስደፍናቸው ዘመናዊ ለመባል ነበር፤ ዛሬ የእነዚያው ሰዎች ልጆች ዘመናዊ ለመባል ያንኑ ያስፍቋቸዋል።

የቤቱ እመቤት ስልኳን ይዛ ገባች። ቤቱን ከገዛች ወር አልሞላትም። ስልኳ ከመቶ ዓመት በፊት በነበሩ ሳሎኖችና መኝታ ቤቶች ፎቶ የተሞላ ነው፤ አንዱን አወጣችና ከግድግዳው ጋር አስተያየችው።

«ይሄው ነው ጋሼ፣ ቁርጥ እሱ» አለች። «ይኼን ቀለም ዛሬ የትም ሱቅ ቢዞሩ አያገኙትም። የልጄ ክፍል እንዲህ እንዲሆን ስመኝ ነው የኖርኩት።»

እውነትም ያምራል። መስኮቱ በጓሮው ግንብ ስለተጋረደ ክፍሉ ፀሐይ አያውቅም፤ አረንጓዴው ግን የራሱ ብርሃን ያለው ይመስላል። የልጅቷ አልጋ ጥጉን ይዞ ቆሟል፣ አንሶላውም ተነጥፏል። ከዛሬ ጀምሮ የምትተኛው እዚህ ነው።

ጋሽ ብሩሽ በሩ አጠገብ የቀረችውን ነጭ ፍቀው ሲያነሡ መስመሮቹ ወጡ። አጫጭር የእርሳስ መስመሮች ናቸው፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ የአንዳንዱ ዓመት አጠገቡ ተጽፏል። ድሮ የዚህ ቤት ልጆች ቁመታቸውን ይለኩበት የነበረ ነው። ሦስት ረድፍ ነው፤ ሦስት ልጅ መሆኑ ነው።

እናትየው ደስታዋን መያዝ አቃታት። «ይሄ እኮ በገንዘብም አይገኝም። እንዳይነኩት ጋሼ። ሚጢጢ፣ ነይ እስኪ፣ አንቺም ትለኪያለሽ።»

ሚጢጢ አምስት ዓመቷ ነው። እየሮጠች መጥታ ተረከዟን ከግድግዳው አስጠጋችና ቀጥ አለች።

«አልተንጠራራሽም?» አሏት ጋሽ ብሩሽ።

«ትንሽ ብቻ።»

ስፓቱላውን አናቷ ላይ አጋድመው በእርሳሳቸው አሰመሩ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችና ቅር አላት። «እነሱ ይበልጡኛል» አለች።

«እስኪ በምን ያህል?» ብለው ጣቶቻቸውን በአዲሱ መስመርና በላይኞቹ መካከል አስገቡ። ሁለት ጣት። ጣቶቻቸው ግን እዚያው ቀሩ። ሦስቱም ረድፍ የሚያልቀው እኩል ቦታ ላይ ነው። አንዱ ልጅ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም። ከዚያ በላይ ያለው ባዶ አረንጓዴ ነው።

«ሁለት ጣት ምን አላት፣ የኔ እናት» አለች እናትየው ልጇን እየሳመች። «ዓመት ሳይሞላ ትደርሺባቸዋለሽ።»

ጋሽ ብሩሽ ጣቶቻቸውን ከግድግዳው አነሡ። ሙያውን ያስተማሯቸው ሽማግሌ፣ «ጥላ ውስጥ የሚያበራ አረንጓዴ ካገኛችሁ ብሩሻችሁን ሰብስባችሁ ውጡ» ይሉ ነበር፤ ድሮ ያን ቀለም የሚበጠብጡት በመርዝ ነው፣ እሱ ያለበት ክፍል የተኛ ልጅ ሳያድግ ይቀራል እያሉ። ጋሽ ብሩሽ ግን ተማሪ ለማስፈራራት የሚወራ ተረት አድርገው ነበር የያዙት። «አላርፍ ያለች ጣት» አሉ በሆዳቸው፤ ምሳሌውን አልጨረሱትም።

«ልጄ፣ ብትቆጪኝም እናገራለሁ። ልጅቷን እዚህ አታስተኚያት።»

«ምነው ጋሼ?»

«ልጅ ማደግ አያቆምም። እነዚህ ሦስቱ ግን እዚህ ላይ ቆመዋል።»

«ቤት ቀይረው ይሆናላ።»

«ቤት የሚቀየር ባንድ ቀን ነው። ዓመቱን አንብቢው። አንደኛው አለቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላው አለቀ፣ እዚያው ላይ። ከዚያ ሦስተኛው። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ አራት እጅ ነጭ ቀባበት።»

እናትየው ጎንበስ ብላ አነበበች። አንዴ ጨርሳ ከላይ ጀምራ ደገመችው። ከዚያ ስልኳን ኪሷ ከተተችና ልጇን ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠቻት።

«ነጩ አለዎት?» አለች። ነጭ ግድግዳ ስታይ ሆስፒታል እንደሚመስላት ጠዋት የነገረቻቸው እሷው ነበረች።

እናትና ልጅ ወደ ደጅ ወጡ። ጋሽ ብሩሽ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው ጣሳውን ከፈቱ። ነጩ አረንጓዴውን በመጀመሪያው እጅ ዋጠው። መስመሮቹን ግን አልቻላቸውም። ከእርጥቡ ቀለም ውስጥ አንድ በአንድ ተመልሰው ወጡ፣ የሦስቱም፣ የሚጢጢም። አራት እጅ ለምን እንዳስፈለገ አሁን ገባቸው። ያ ቀቢ ሲሸፍን የነበረው ቀለሙን ብቻ አልነበረም።

ከደጅ የሚጢጢ ሳቅ ይሰማል። ጋሽ ብሩሽ ነጭ የነካቸውን ሁለት ጣቶቻቸውን አንሥተው በእሷ መስመርና በላይኞቹ መካከል ሊያስገቡ ሞከሩ።

አንዱ ብቻ ገባ።