የዴንዚል አንገት

«ጉልበቱ ነው። በቃ፣ ይውጣ» ብላ ኬረንሳ ከሜዳው መሃል እጇን ስታወዛውዝ፣ ዴንዚል ጃኬቱን አውልቆ ጨርሷል። የክለቡ ወጌሻ ናት፤ በቃ ካለች በቃ ነው። ባልንጀራ ተጎድቶ ሲወጣ ደስ ማለት ነውር ነው። ዴንዚልን ግን ደስ አለው፣ ደስ ስላለውም አፈረ።

መስከረም ላይ፣ ገና በውድድር ዓመቱ ሁለተኛ ጨዋታ አንገቱን ከተጎዳ ወዲህ ሜዳ ረግጦ አያውቅም። ኬረንሳ ስድስት ወር ሙሉ በየማለዳው አሸችው፣ አሠራችው፣ ተቆጣችው፤ መጋቢት ላይ «ድነሃል» ብላ ፈረመችለት። ከዚያ ወዲህ ሥራው አስራ ስምንት ቁጥር ለብሶ የተጠባባቂ ወንበር ማሞቅ ሆነ። በራግቢ፣ እንደ ዴንዚል በግፊያው ፊት ረድፍ ለሚሰለፍ ተጫዋች ተጠባባቂ መያዝ ግዴታ ነው፤ ደንብ ነውና ይዘውት ይሄዳሉ እንጂ አሰልጣኙ ሊያስገባው አስቦም አያውቅ። ከእንግሊዝ ጥግ ከኮርንዋል ሲወጡ መንገዱ ሁሉ ሩቅ ነው። ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዞ፣ ሰማንያ ደቂቃ ተቀምጦ፣ ሌላ ስድስት ሰዓት ይመለሳል። ሌሎቹ ጭቃቸውን ሲታጠቡ እሱ ንጹሕ ማሊያውን አጣጥፎ በር ላይ ይጠብቃቸዋል። ቢራ ሲጠጡ ይጠሩት ነበር፤ ስለ ጨዋታው ሲያወሩ ግን የሚጨምረው ነገር ስለሌለው፣ እያደር ሆድ ባሰውና መሄዱን ተወው።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ውሉ እንደማይታደስ ተነገረው። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ዛሬ የመጨረሻው ጨዋታ ነው፤ ከዛሬ ወዲያ ግባ የሚለው የለም።

ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ክለባቸው ፔንሃሎው በአራት ነጥብ ይመራል። ካሸነፈ በሁለተኛው ሊግ ይሰነብታል፣ ከተሸነፈ ወደ ሦስተኛው ይወርዳል። ኳሱ ከገዛ መስመራቸው አምስት ሜትር ላይ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ግፊያ ነው፣ ስምንት ለስምንት ትከሻ ለትከሻ ተቆላልፎ መገፋፋት። ዴንዚል ይችን ለመሰለች ደቂቃ ነው ያን ሁሉ ማለዳ የታሸው።

አሰልጣኙ ራውስ ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ጆሮው ተጠጋ።

«ዴንዝ፣ ወንድሜ፣ አንገትህ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ብረት ነው።»

«አይደለም» አለ ራውስ ቀስ ብሎ። «ስማኝ። ሲገፉን ነው የዋሉት። አሁንም ከገፉን መስመሩን ያልፋሉ፣ አምስት ነጥብ ነው፣ አለቀልን። አንተ አንገቴን ካልክ ግን ሌላ ምትክ የለንም፤ ዳኛው ግፊያውን ያስቀረዋል። ተያይዞ መቆም ብቻ ይሆናል። አንድ ሰው ይጎድልብናል፤ ይጉደል።»

«አስገባኝ ራውስ። እይዛቸዋለሁ።»

«ሰባት ወር ያልገፋህ ሰውዬ?»

«ማን ከለከለኝና?»

ራውስ ወደ ተመልካቹ ጠቆመ። «ከተማው እንዳለ እዚህ ነው ያለው» አለ። «ልለምንህ?»

አራተኛው ዳኛ ሰሌዳውን ይዞ መጣ። «አስራ ስምንት፣ ዝግጁ ነህ?»

ዴንዚል ሜዳውን አየ። ጓደኞቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። አንዳቸውም ወደ እሱ አይመለከቱም። ቢገባ ይዞ የሚቆም ይመስለዋል። ይመስለዋል እንጂ አያውቅም፤ ማወቅ ነበር የፈለገው።

«አንገቴን» አለ። «አንገቴን አመመኝ።»

ከተጋጣሚዎቹ ወንበር አንዱ ብድግ አለ። «አሁን ሲዘል አልነበር እንዴ? ምን ዓይነት ሕመም ነው፣ ሲጠሩት የሚመጣ!»

«አንተ ዝም በል» አለው አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ማዶ። «ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ ሲሰቃይ ነው የኖረው። ምን ታውቃለህ?»

ዴንዚልን ከስድቡ ይልቅ የሽማግሌው ጥብቅና አንገበገበው።

ኬረንሳ ጉልበቱን የተጎዳውን ለቃሬዛ ሰዎቹ ትታ እየሮጠች ደረሰች።

«እንዳትንቀሳቀስ። ተኛ፣ የኔ ሸበላ፣ ቀስ ብለህ።»

«ኬረንሳ፣ ያን ያህል እኮ አይደለም።»

«ዝም በል። ጣቶችህ ይሰሙሃል?»

«ይሰሙኛል።»

እርጥብ ሣር ላይ በጀርባው አስተኛችው፤ ከራስጌው ተንበርክካ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ በኋላ የሚታየው ግራጫ ሰማይ ብቻ ሆነ። ራውስን በዓይኑ ፈለገው። ራውስ ጀርባውን ሰጥቶት ሜዳውን ያያል።

የቀረውን በጆሮው ተከታተለ። የዳኛው ትዕዛዝ፣ ሩጫ፣ ሰው ከሰው ሲላተም፣ ከዚያ ረጅም ፊሽካ። ፔንሃሎው በእልልታ ተናወጠ። ሰዎች አጥሩን እየዘለሉ በአጠገቡ አለፉ፤ አንዱ «ዴንዝ፣ ተረፍን!» ብሎት ሳይቆም ሮጠ።

የኬረንሳ እጆች ግን ከጭንቅላቱ አልተነሱም።

«ይቅር በለኝ» አለችው፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ድኗል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጓጉተህ ሳይህ አሳዘንከኝና ቸኮልኩ።»

እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ። አራተኛው ዳኛ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ይጽፋል። አፉን መልሶ ገጠመ።

«በጣም ያምሃል?»

«ትንሽ» አላት።

ጎንበስ ብላ በሰውነቷ ካፊያውን ከለለችለት፤ ቃሬዛው እስኪመለስም ደህናውን አንገት እንደያዘችለት ቆየች።