ኦሃጅ የቀባው ሰማያዊ

ዓሣው ሳፋው ውስጥ ይዞራል። ከራሱ እስከ ጭራው ቡናማ ነው፤ የአሸዋ መልክ። ሽማግሌው ኦሃጅ መነጽሩን በጀለቢያው ጫፍ ወልውሎ እንደገና ያጎነብሳል። ሰማያዊ የሚባል ነገር የለበትም።

«ይኸው፣ ከነነፍሱ አመጣሁላችሁ» ይላል ዓሣ አጥማጁ ኢሳ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ። «አጎቴ ኦሃጅ፣ ያን ቀን ምን ጠጥተህ ነው የሣልከው?»

«ሻይ። ስኳር በዝቶበት ነበር።»

ዶክተር ኢህሳን አትስቅም። በሱዳኗ የቀይ ባሕር ወደብ በሱዋኪን የባሕር ፍጥረት በየዘሩ የሚለይበት የዚህ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ኃላፊ ናት። በእጇ ኦሃጅ በጎልማሳነቱ የሣለውን የዚሁኑ ዓሣ ሥዕል ይዛለች፤ ጎኑ ላይ ደማቅ ሰማያዊ መስመር ተጋድሟል። ከኋላዋ በየብልቃጡ ያሉት ዓሦች አልኮሉ አንጥቷቸው ሻማ መስለዋል። ቤቱ ካሜራ ባልነበረው ዘመን ቀለማቸውን ያስቀረው የኦሃጅ እጅ ብቻ ነው። ይህ ሰማያዊ ሐሰት ከሆነ፣ መሳቢያው ሙሉ ሥዕል ከእንግዲህ ማን ያምነዋል?

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ?» ይላል ኦሃጅ። «ያኔ ሰማያዊው ቀለም ገና በመርከብ መምጣቱ ነበር። ስወደው ለጉድ ነው። እንጃ፣ እጄ ቀብጦ ይሆናል።»

«ቀብጦ ነው ብዬ ልጻፍ?»

«ወላሂ አላውቅም።»

ኢህሳን ሥዕሉን ትኩር ብላ ታየዋለች። «ያኔ የምትሥለው እንዲህ ሳፋ ውስጥ እያየህ ነበር?»

«ሳፋ ከየት መጥቶ! ሳንቃ ላይ ያጋድሙልኛል፤ እስኪሞት አጠገቡ እቀመጣለሁ። መቼም ብቻውን አይሙት ብዬ።»

ቀና ትላለች። «እስኪ አውጣው።»

ኦሃጅ «ቢስሚላህ» ብሎ በሁለት እጁ ያወጣዋል። ዓሣው እርጥቡ ሳንቃ ላይ ይንፈራገጣል፤ ከዚያ መተንፈሻ ስንጥቡ ብቻ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሊሄድ የነበረው ኢሳ ተመልሶ ቁጢጥ ይላል።

«ያው ቡናማ ነው» ይላል በሹክሹክታ።

«ቆይ እንጂ አንተ!»

ስንጥቡ እየዘገየ ይሄዳል። ኦሃጅ በልቡ ይቅርታ ይለምናል፤ ለማን እንደሆነ እሱም አልለየውም። ከዓሣው ዓይን ኋላ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ትረዝማለች። ክብሪት እንደነካው ክር ጎኑን ይዛ ቀስ እያለች እስከ ጭራው ትወርዳለች።

ኦሃጅ ሥዕሉን ከኢህሳን እጅ ወስዶ ከዓሣው ጋር ያስተያያል።

«አደብዝዤዋለሁ» ይላል።

መስመሩ ከራሱ በኩል መጥፋት ይጀምራል። ሦስቱም ግንባራቸው ሊጋጭ ሲል አጎንብሰዋል፤ የኦሃጅ ቀኝ እጅ ብቻ፣ ዓይኑ ከዓሣው ሳይነሳ፣ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ብሩሽ ይዳብሳል።