በቁሙ ተዝካሩ የወጣለት አጥቂ

«እኔ እኮ አልሞትኩም...» አለ ሂሮክ።

ማንም አልሳቀም።

የክለቡ ደጋፊዎች ወደ ወንዙ በሚያወርደው ደረጃ ላይ ተኮልኩለዋል። መሃላቸው የእሱ ፎቶ አለ... የአበባ ጉንጉን ተደርጎበት።

ከፎቶው ፊት፣ በሙዝ ቅጠል ላይ፣ ለሙታን የሚቀርበው የሩዝ ድብልብል።

አንደኛው ወጣት ፀጉሩን ተላጭቷል። አባቱ እንደሞተበት ልጅ።

የሂንዱው ካህን ዓይኑን ጨፍኖ ያነበንባል።

«በቃ፣ ቀልዱ ይብቃ» አለ ሂሮክ። ከልምምድ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነበር ድንገት የደረሰባቸው።

የተላጨው ወጣት ቀና አለ... ግን ሂሮክን አላየውም። እሱን አልፎ ወንዙን ነው ያየው።

«ነፋስ ነው» አለ፣ አጠገቡ ላለው ሰው።

ወዲያው አንድ ቁራ ወርዶ ሩዙን ነጠቀ።

ሁሉም በእፎይታ ተነፈሱ። ቁራው ከበላ፣ ሟቹ ተሰናብቷል ማለት ነው።

...

በሕንዷ ካልካታ የሁለቱ ትልልቅ የእግር ኳስ ክለቦች መቀመጫ የሆኑት ድንኳኖች ፊት ለፊት ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ዝውውር አይባልም። ክህደት ነው።

«ሂሮክ ወደ ማዶ ሊሄድ ነው» ተብሎ ተወራ። ተዝካሩም የወጣው ለዚህ ነው።

ሂሮክ ግን የትም መሄድ አልፈለገም። ልጅ ሆኖ፣ ማደሪያ ሲያጣ፣ የተኛው በዚህ ክለብ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። የተረፈ ሩዝ ያበሉት እዚሁ ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር... እዚሁ ተጫውቶ እዚሁ ማርጀት።

ከተዝካሩ በኋላ ግን እግሩ ከዳው።

ኳሷ ትመጣለች... ግን ከኋላው። ግማሽ እርምጃ።

ይሮጣል። አሁንም ከኋላው።

በፊት ማልያውን እየጎተተ ቁም ስቅሉን ያሳየው የነበረ ተከላካይ፣ አሁን ራቅ ብሎ ቆመ።

«ምነው፣ ዛሬ አትይዘኝም?»

«ሙት ነክቼ ስታጠብ አልውልም፣ ወንድም።»

ዝናቡ ይወርዳል። የግቡ አግዳሚ ላይ ቁራ ተቀምጧል።

ሻይ ሻጩ ጋሽ ኖኒ እንኳን ስኒውን በእጁ አልሰጠውም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ፊቱን አዞረ... ለሌለ ሰው እንደሚቀዳ።

ሂሮክ ጠዋት ጠዋት መስታወት ላይ መተንፈስ ጀመረ። እንፋሎቱን ሳያይ ከቤት አይወጣም።

«እግሬን ምን ነካው?» ሲል ቢሬንን ጠየቀው።

ቢሬን የመሃል ሜዳው ሰው ነው። የሂሮክን ጎሎች ሁሉ ያቀበለው እሱ ነው። በልጅነት ያችን አግዳሚ ወንበር የተጋሩት፣ አንድ ሸራ ለብሰው ዝናብ ያሳለፉት፣ ሁለቱ ናቸው።

«ልብህ ሄዷላ» አለ ቢሬን፣ ጫማውን እያሰረ። «ልብ ከሄደ እግር ምን ይሠራል?»

ጋዜጦቹም ይህንኑ ጻፉ።

በመጨረሻ ሂሮክ ወደ ካህኑ ሄደ።

ካህኑ በሩን ከፍቶ መጀመሪያ ያየው እግሩን ነው። በዚያ አገር የሙት መንፈስ እግሩ ወደ ኋላ የዞረ ነው ይላሉ።

«ወደ ፊት ነው» አለ ካህኑ ለራሱ። «ግባ።»

«ያወጣህብኝን ተዝካር መልስልኝ፣ አባ።»

«አይመለስም፣ ልጄ። ተዝካሩ የወጣ ሰው የድሮ ቤቱ አይገባም። እንደ አዲስ ተወልዶ ሌላ ደጃፍ ነው የሚፈልገው።»

«ቀልድ እኮ ነበር...»

«እኔም ቀልድ መስሎኝ ላባርራቸው ነበር። የአባት፣ የአያትና የቅድመ አያት ስም ካልተጠራ ሥርዓቱ አይያዝም። እነሱ ያንተን ስም ብቻ ነው የያዙት። ኋላ አንድ ሰው መጣና ሦስቱንም ነገረኝ። ካሊፖዶ... ሞኖሞሆን... ሪዶይ።»

ሂሮክ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ካልካታ ውስጥ ሰው በአያቱ ስም አይጠራም። አባቱ ከሞተ ወዲህ እነዚህን ስሞች የተናገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

በዝናብ... በአንድ ሸራ ስር።

«ማን እንደሆነ ልንገርህ?» አለ ካህኑ።

«ተወው።»

ቢሬንን ድንኳኑ ውስጥ ብቻውን አገኘው።

«የአያቴን ስም ሰጠሃቸው?»

ቢሬን መለሰ፦ «ከማዶው ክለብ ጸሐፊ ቤት ስትወጣ አየሁህ። የጣፋጭ ዕቃ ይዘህ... እንደ ተስማማ ሰው።»

«አልመጣም ልለው ነው የሄድኩት። ሽማግሌ ነው፤ በሰው መልእክት አይላክበትም። ጣፋጩን ሚስቱ ናት የሰጠችኝ... ባዶ እጅህን አትውጣ ብላ።»

ቢሬን ቀና ማለት አቃተው።

«ኳሷስ?» አለ ሂሮክ። «ግማሽ እርምጃዋስ?»

«ለከዳኝ ሰው... እግሬ እሺ አላለኝም።»

«ለምን አልጠየቅከኝም ታዲያ?»

«እውነት ነው ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።»

በማግስቱ ሂሮክ ለማዶው ክለብ ፈረመ።

«ድሮም ልቡ እዚያ ነበር» አለ ጋዜጣው።

በአዲሱ ክለብ የመጀመሪያ ልምምድ፣ ስሙን እንኳን የማያውቀው ልጅ ኳስ ሰደደለት።

ልክ ከፊት ለፊቱ ወደቀች። እግሩ ደረሰባት። ድሮም ደህና እግር ነበር።

ከወራት በኋላ በድሮ ክለቡ ላይ ጎል አገባ። የድሮ ደጋፊዎቹ አልሰደቡትም። አላጉረመረሙም። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ባዶ ግብ እንደሚያይ ሰው፣ ዝም ብለው ቆሙ።

ኳሷን ከመረቡ ያወጣት ቢሬን ነው።

...

ወዳጆቼ፣ ሰው ሊለየን ሲል ይቀዘቅዛል እንላለን። ሥራው ይበላሻል፣ ፊቱ ይጠቁራል፣ «ልቡ ከሄደ ቆየ» እንላለን።

ብዙ ጊዜ ግን ቀድመን የሄድነው እኛ ነን። ኳሷን ከኋላው የምንጥለው እኛ ነን። ከዚያ ደግሞ እግሩን እንወቅሳለን።

ባዳ ይሰድባችኋል እንጂ አይቀብራችሁም። ለመቅበር ሚስጥር ማወቅ ይጠይቃል።

ለመጠየቅ ግን አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

እናንተስ... መልሱን ፈርታችሁ ሳትጠይቁት በቁሙ የቀበራችሁት ሰው አለ? ዛሬ በሩን ቢያንኳኳ ትከፍቱለታላችሁ? ኮሜንት ላይ እጠብቃለሁ።