«ሊቭ» ማለት

ፎርማኑ በስሜ አፉን ሞልቶ ሲዋሽ ሰማሁት። እኔ የተናገርኩት፣ እህቴ ማሽኑን ያስነሳችው ታዝዛ ነው ብዬ ነበር። እሱ ለሥራ አስኪያጇ በእንግሊዝኛ የነገራት ደግሞ እህቴ በጣም መጸጸቷን፣ ድርጅቱንም ይቅርታ መጠየቋን ነው። አንገቴን ደፍቼ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛ እንደምሰማ አያውቅም።

ሥራ አስኪያጇ ከውጭ አገር ከመጣች ሦስተኛ ወሯ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ የእህቴ ፋይል ተከፍቷል። ከሁለት ዓመት በፊት የካርቶን መቁረጫው የቀኝ እጇን ሦስት ጣቶች ሲወስድ የተጻፈው ሪፖርት እዚያ ውስጥ አለ። መጨረሻው ላይ «ሠራተኛዋ ያለ ማንም ትእዛዝ ማሽኑን በማስነሳቷ» ይላል። ቃሉን የሰጠው ፎርማኑ ነው። በዚያች አንዲት መስመር እህቴ ከሥራ ተባረረች። ታናሼ ናት፤ ዛሬም የሸሚዟን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ፣ ያኔ ተማሪ ቤት ስልካት አደርገው እንደነበረው። የመጣሁት ያቺን መስመር ለማሰረዝ ነው። ይኼ ለሰው የምናገረው ነው። ለራሴ ግን የመጣሁት ለፎርማኑ ነው።

እኛ የካርቶን ፋብሪካው ማጣበቂያ ክፍል ያለነው ፎርማኑን «መዝገበ ቃላት» እንለዋለን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለውጭ አገር አለቆች የምንናገረውም፣ ከአለቆች የምንሰማውም በእሱ አፍ ነው። ያን ቀን መካኒኩ የማሽኑን ሆድ ከፍቶ ሲሠራ ቆየና መለዋወጫ ሊያመጣ ወጣ። ሲወጣ ቁራጭ ካርቶን ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ጽፎ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ለጠፈ፤ ሊቭ ኦፍ። እህቴ ምን እንደሚል ፎርማኑን ጠየቀችው። እሱም እያለፈ በዓይኑ ገረፍ አድርጎ፣ ጨርሶ ሄዷል ነው የሚለው፣ አስነሺው አላት። የቢላዋው መከለያ ገና አልተመለሰም ነበር።

ሆስፒታል ተኝታ የነገረችኝ ይህንን ነው። እኔም ለማንም ሳልናገር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ ስወጣ እንግሊዝኛ መማር ጀመርኩ። ሌሎቹ ከሰላምታ ሲጀምሩ እኔ የጀመርኩት ከዚያ ቃል ነው። ለካስ አንድ ቃል ብቻውን ጉድ ነው! መሄድም ሊቭ ነው፣ መተውም ሊቭ ነው፣ ለልጅ ማውረስም፣ የሕመም ፈቃድም። ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ሲለጠፉ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ አውቶቡስ ውስጥ ነበር። መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቂሜን እንደ ጽንስ ተሸክሜ ዞርኩ።

አሁን ፋይሉ ውስጥ ያለውን የካርቶኑን ፎቶ ለፎርማኑ አመለከትኩት። «ጋሼ፣ ይኼ ጽሑፍ ምን እንደሚል ሥራ አስኪያጇን ይጠይቁልኝ።»

«እሷን ምን አስጠየቀኝ?» አለ። «‹ጨርሼ ሄጃለሁ› ነው የሚለው። መካኒኩ ነው የጻፈው። ማሽኑ ደህና ነበር፤ እጇን የሰደደችው እህትሽ ናት።»

ቀና አልኩ። ያለውን ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ በእንግሊዝኛ ለሥራ አስኪያጇ ነገርኳት። ፎርማኑ ዞሮ ሲያየኝ ዕቃ ቤት ውስጥ ያለ ወንበር አፍ አውጥቶ የተናገረ ነው የመሰለው።

ሥራ አስኪያጇ ፎቶውን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ ራሷ ጠየቀችው። እሱ ፈገግ ብሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ አዎ፣ መካኒክ ሄደ፣ መካኒክ የለም አላት። ቀጥላ ረዘም ያለ ጥያቄ አመጣች። ፎርማኑ አፏን አየ፣ እኔን አየ። ጥያቄው አመለጠው።

«እህቴ ስትጠይቅዎ ምን አሏት ነው የምትለው» አልኩት።

«እንደዚሁ ነዋ ያልኳት» አለ። «ጨርሷል፣ አስነሺው።»

ተረጎምኩት። አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ መጨመር አላስፈለገኝም።

ሥራ አስኪያጇ ብዕሯን አንስታ ያቺን መስመር በረጅሙ ሰረዘቻትና ከጎኗ መጻፍ ጀመረች። ቀና ሳትል ክፍሉን ለቆ እንዲወጣ ንገሪው አለችኝ። በእነሱ ቋንቋ ለታናሹም ለታላቁም ቃሉ ያው ነው። በእኛ ግን መምረጥ አለብኝ። አሥራ አንድ ዓመት «እርስዎ» ያልኩት ሰው ነው፤ በአባቴ ዕድሜ ነው።

«ውጣ» አልኩት።

ተነሣ። ወንበሩን በሥርዓት ወደ ቦታው መለሰ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ፤ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሥራ አስኪያጇ ቋንቋችንን እንደማትሰማ እያወቀ እንኳ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቀ ነው ያደረገው ብዬ ነበር የጠላሁት። «እንደጠፋ ተዉት» አልኩት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቃሉን እንደ ተማሪ ለራሱ ይደግመው ነበር። ከዚያ ወጣ። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ስጠብቃት የኖርኳት ደቂቃ ይህቺ ነበረች። አላዘንኩለትም። መልሼም አልጠራሁትም።

በቢሮው መስታወት በኩል ወደ ታች አየሁ። ፎርማኑ ሠራተኞቹ መካከል ደርሷል። አንዷ አዲስ የመጣ ሣጥን ይዛ ቀረበችውና ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በጣቷ እያሳየች አንድ ነገር ጠየቀችው። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ብርሃን ላይ አይቶ ደግሞ ጠረገው። ሴትየዋ ሣጥኑን እንደያዘች ቆማ ትጠብቀዋለች።