አንዴ ብቻ ይደውላሉ

ናጅዋ አንድ ጊዜ በሰው እንጀራ ገብታለች። አውቃ ነው፣ ተዘጋጅታበት ነው።

ሰውዬው ዛኪር ነበር። መርሳ ከተማ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ አምስት ሠራተኞች ያሏት የፓምፕ መጠገኛ ድርጅት አለች። እሱ ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ይቀርጻል፤ እሷ ቢሮ ተቀምጣ ስልክ ታነሳለች፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች። የግራና መንደር ገበሬ ሽንኩርቱ ሊደርቅበት ሲል ፓምፑን በባጃጅ ጭኖ የሚመጣው ዛኪርን ብሎ ነው። ሙያውን ናጅዋም አትክድም። የምትክደው ሰውነቱን ነበር።

ከሰባት ዓመት በፊት የናጅዋን ታናሽ እህት ዙልፋን ሊያገባ ቀን ተቆርጦ ነበር። ዳስ ተጣለ፣ በሬ ታረደ፣ ሙሽራዋ እንሶስላ ሞቀች። ዛኪር አልመጣም። አጎቱ ከለከሉት ተባለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሴቶቹ ዳሱን ሲያፈርሱ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ዙልፋ ብዙም ሳትቆይ ሪያድ ገባች፤ የሰው ቤት ልታጥብ፣ የሰው ልጅ ልታዝል።

እናታቸው ከሞተች ወዲህ ዙልፋን በጀርባዋ ያሳደገቻት ናጅዋ ናት። ዳሱ የፈረሰ ዕለት፣ "ይህን ሰው አላህ እጄ ላይ ይጣልልኝ" አለች።

ጣለላት።

አንድ ጠዋት የድርጅቱ ባለቤት ጋሽ በላይ የቢሮውን በር ዘጉ።

"ናጅዬ፣ ይህ ነገር ከዚህ በር እንዳይወጣ። ዛኪር በሙያው ካናዳ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ጠይቋል።"

"ዛኪር? ትንፍሽ አላለም።"

"እንዴት ይበል? የውጭ ጉዳይ በወሬ ይበላሻል። የኛ አገር ሰው አውሮፕላን ላይ ከወጣ በኋላ ነው የሚናገረው። እዚህ በባለሙያነት ስለ መሥራቱ ጽፌለታለሁ። ድርጅቷ ትንሽ ስለሆነች ግን ካናዳዎቹ ወረቀት ብቻ አያምኑም፤ ደውለው ይጠይቃሉ። አንዴ ብቻ ነው የሚደውሉት። እኔ ከሌለሁ አደራ፣ አንቺ መልሺላቸው።"

"እርስዎ አያስቡ ጋሽ በላይ። እኔ እመልስላቸዋለሁ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ዛኪርን ማየት ደስ ይላት ጀመር።

"እትዬ፣ ሻይ ላምጣልሽ?" ይላታል እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

"እኔ ላንተ እትዬ የሆንኩት በየት በኩል ነው?"

"አላህ ያውቃል" ይልና ይስቃል።

"ሳቅ፣ ሳቅ። የሚስቅ ሰው አገሩ ላይ ሲኖር ነው የሚያምርበት።"

አርብ አርብ ከአሱር ሶላት በኋላ ቶርኖውን አጥፍቶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከጓሮው ብርቱካን ሥር ይጠፋል። ድምፁ እንደ ልጅ ይለሰልሳል። አሁን ደግሞ የማንን ልጅ ዳስ ሊያስጥል ነው ትላለች ናጅዋ በልቧ።

ባለፈው የሻዕባን ወር ዛኪር ሽማግሌ ይዞ ግራና፣ አባቷ ሼህ አብዱልሐሊም ቤት ሄዶ ነበር። ናጅዋ ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ በጓሮ በር ወጥታ እስኪሄዱ ጎረቤት ተቀመጠች። ስትመለስ ምንጣፉ ላይ የተምር ፍሬ ተበትኖ አገኘች።

"እርቁን በተምር አወራረዳችሁት?"

"ተቀመጪ ልጄ፣ አንድ ነገር ላጫውትሽ" አሉ አባቷ።

"ስለ እሱ ከሆነ ወላሂ አልሰማም።"

ሼህ አብዱልሐሊም የሙሰበሃ መቁጠሪያቸውን አነሱ። "እንግዲያስ ጊዜው ይንገርሽ።"

ለዙልፋ አሰሪዋ ስልክ የምትፈቅድላት አርብ ብቻ ነው። ሁልጊዜም አርፍዳ ትደውላለች።

"መስመር ተይዞብኝ ነው እትዬ።"

"ጀርባሽስ?"

"ያው ነው። ሌሊት አያስተኛኝም። ፓስፖርቴንም አልሰጡኝም። እዚህ ሌላ ዓመት ከቆየሁ እንጃ። ዱአ አድርጊልኝ፣ መንገድ ሊከፈትልኝ ነው።"

"ለዚህ የዳረገሽን ሰው አንድ ቀን አገኘዋለሁ።"

"ተይው እትዬ። ያለፈ አልፏል።"

ናጅዋ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። የዋህ ልብ ሰጥቷት ነው፣ ለእሷ የምቆጣላት እኔ ነኝ አለች።

የካናዳዎቹ ስልክ የተደወለው ጋሽ በላይ የፓምፕ ኩሽኔታ ሊገዙ ወልድያ የሄዱ ዕለት ረፋድ ላይ ነው። ትሁት የሴት ድምፅ፣ ጥሩ አማርኛ።

"ዛኪር ዓሪፍ የሚባል የቶርኖ ባለሙያ አላችሁ?"

ናጅዋ በመስኮቱ አየችው። መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሏል፤ ብረቱ ይጮኻል።

"ዛኪር አለ። ባለሙያ ግን አይደለም። የብረት ፍቅፋቂ ነው የሚጠርገው።"

"ከድርጅቱ የተጻፈልን ግን ሌላ ነው።"

"አሳዝኗቸው ጻፉለት። ሰውየው ቶርኖ ነክቶ አያውቅም።"

"የሚሰማኝ ድምፅ ምንድን ነው?"

"የጎረቤት ወፍጮ ነው።"

ሴትዮዋ መልሱን ስትጽፍ ተሰማት። ናጅዋ የሰባት ዓመት ዕዳዋን የከፈለች መሰላት። ዙልፋዬ፣ ደምሽን መለስኩልሽ አለች በልቧ።

ዛኪር ቀና ሲል ስልኩን ይዛ አያት። የማን ስልክ እንደሆነ ገባው። መነጽሩን አውልቆ፣ በዘይት የጠቆሩ ሁለት እጆቹን ለዱአ ዘረጋ። ናጅዋ ፈገግ አለችለት።

"የሰጡት ቃል ተመዝግቧል። በዚህ ሁኔታ ጉዳዩ የሚቀጥል አይመስለኝም" አለች ሴትዮዋ። "ለመዝገቡ ያህል አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ብቻ። አብራው እንድትሄድ ያስመዘገባትን ባለቤቱን፣ ሪያድ ያለችውን ዙልፋ አብዱልሐሊምን ያውቋታል?"

እናንተ አውፍ በሏት፤ ይቅር በሏት።