ሳጂዳ ከሚሴ የሄደችበት ጉዳይ

ሙህዲን ሚስቱን ሳጂዳን ከጨፋ ሮቢት እስከ ከሚሴ የተከተላት ሌላ ሰው እንዳላት ስላመነ ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ ሲነካት እንደ እንጨት ደርቃ ትቀራለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አሁን ደግሞ ተከትሏት በደረሰበት ክሊኒክ ውስጥ፣ ከተዘጋ በር ጀርባ፣ የወንድ ድምፅ «አይዞሽ፣ አትፈሪ» ይላታል። በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ።

ነጭ ጋውን የለበሰው የሥነ ልቦና ባለሙያ ከጠረጴዛው ማዶ ብድግ አለ። ሳጂዳ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም፤ የሻሿን ጫፍ ጨምድዳ ይዛለች።

«ባለቤቴ ነው» አለችው ለባለሙያው። ከዚያ ወደ ሙህዲን ዞረች። «ጠልቼህ አይደለም፣ ወላሂ። ገና ስትቀርበኝ ሰውነቴ በፍርሃት ይቆለፍብኛል፣ ያመኛል። እንዳይከፋህ ብዬ ዝም አልኩ።»

«በሽታ ነው፤ ስምም ሕክምናም አለው» አለ ባለሙያው ቀስ ብሎ። «አብራችሁ ብትመጡ ደግሞ ይሻላል።»

ሙህዲን መንገዱን ሙሉ ሲያብሰለስለው የመጣው የፍቺ ቃል ምላሱ ላይ ቀረ። አጠገቧ ካለው ወንበር ቁጭ አለ፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልቻለም።

«እስከዛሬ ሳሳምምሽ የኖርኩት እኔ ነኝ?» አላት።