የታጠቡት ሥዕሎች

ጦርነቱ ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ሬሕማ አርባን ልትደፍን ጥቂት ሲቀራት፣ የውሃ ቀለም ፍቅር ያዛት።

ዐረብኛ በሚነገርበት የስደት ከተማዋ፣ ካፉሪ የሚባል የሀብታሞች ሠፈር ውስጥ በምትሠራበት ቪላ የእመቤቲቱ ልጅ ለትምህርት ውጭ ስትሄድ ክፍሏን ያጸዳችው ሬሕማ ነበረች። «ይሄን ጣይው» ያሏትን የቀለም ሣጥን ሳትጥል ወደምትኖርበት ሠፈር ወደ ሐጅ ዩሱፍ ይዛው ገባች። የመጀመሪያ ቀን እርጥብ ወረቀት ላይ ሰማያዊ ጠብ አደረገች። ቀለሙ ማንም ሳያዘው እየተስፋፋ ሄደና ሰማይ ሆነ። ሬሕማ ብቻዋን ሳቀች። ዕድሜዋን የሰው ወለል ስትወለውል የኖረች ሴት፣ የፈሰሰ ነገር አይታ ደስ ሲላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሰው አትስልም። አባቷ ወሎ ውስጥ ሼኽ ነበሩ፤ ነፍስ ያለው ነገር መሳል እንደማይገባ ነግረዋታል። ሕፃን ሳለች፣ ሕመምተኛ ሲመጣባቸው እሳቸው በእንጨት ሉህ ላይ ቁርኣን ይጽፋሉ፤ እሷ ጽሑፉን አጥባ፣ ማሓያ የሚባለውን እጣቢውን ውሃ ሕመምተኛው ጠጥቶ እንዲድን ታቀርባለች። ብዕር መያዝ የተማረችውም እዚያ ነው። እናም ዛፍ ትስላለች፣ ዚር የሚሉትን የሸክላ ውሃ ማስቀመጫ ትስላለች፤ የውሃ ሻጩን ጋሪ ስትስል አህያውን ትተወዋለች። ወረቀቱን የምትጀምረው ግን ሁልጊዜ አባቷ እንዳስለመዷት ከላይ በዐረብኛ፣ በወፍራም ጥቁር ቀለም፣ ቢስሚላህ ብላ ጽፋ ነው።

ክፍሉን የምትጋራት ልደት ቤት ለቤት እየዞረች ልብስ የምታጥብ የጎንደር ልጅ ናት። ዓመታት አብረው ኖረዋል። ሬሕማን ወባ የጣላት ጊዜ ሾርባ እያጎረሰች ያስነሳቻት እሷ ናት። ቀለሙን ግን አልወደደችውም።

«ውሃ ከካሮው ጋሪ እየገዛን አንቺ ወረቀት ታጠጫለሽ» ትላታለች። «ያውም በሻይ ብርጭቆዬ።»

ክፍላቸው ጠባብ ስለሆነ ሬሕማ ሥዕሏን የምታደርቀው በአከራያቸው በሐጃ ሉጥፊያ በረንዳ ላይ ነው። ሐጃ በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ፣ አማርኛቸው በዐረብኛ የተዋጠ፣ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ናቸው። ሬሕማን «የሼኽ ልጅ» እያሉ ይጠሯታል። ጉልበታቸው ከያዛቸው ቆይቷል፤ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ካለው የገመድ አልጋቸው አይነሱም።

«ሩክባዬ ሞተ፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ» አሏት አንድ ቀን፣ ጉልበታቸውን እያሹ።

«አላህ ያሽርዎት፣ ሐጃ» አለችና ሥዕሏንና የውሃ ብርጭቆዋን አጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ ትታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ስትመለስ ወረቀቱ ነጭ ነበር።

አልተቀደደም። ታጥቧል። ጥግ ጥጉ ሳይቀር በጥንቃቄ ታጥቦ፣ ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበት ደርቋል። ሬሕማ ጎንበስ ብላ ወለሉን በጣቷ ነካችው። አቧራው እንኳ አልረጠበም። «በሳፋ ውስጥ ነው የታጠበው» አለች በልቧ። በግቢው ውስጥ ሳፋ ያላት ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ሬሕማም ጠረጠረች። የግቢውን የኒም ዛፍ ሠራች፤ ታጠበ። ዚሩን ሠራች፤ ታጠበ። ሐጃን ልትጠይቅ አሰበችና ተወችው፤ ልደትን እንደ ልጃቸው ስለሚወዱ ይሸፍኑላታል። ሐጃ ግን ሰሞኑን ደግ ሆነዋል። በየጊዜው ተምር በሳህን እያቀረቡላት «ዛሬ ወረቀትሽን አታወጪም?» ይሏታል። ቢያንስ አንድ ሰው ወዶልኛል ብላ ተጽናናች።

ልደት ሥራ በሌላት ቀን ሬሕማ ትልቁን ወረቀት ዘረጋች። የልደትን ቀይ ሳፋና የልብስ ገመዱን ሣለች። ቀዩ እርጥቡ ላይ ሲፈካ ራሷም ደነገጠች፤ እንዲህ አምሮላት አያውቅም። ልደት የራሷን ሳፋ አይታ ከራራች ያለፈውን ሁሉ እረሳላታለሁ፣ ሥዕሉንም ለሷው እሰጣታለሁ ብላ ለራሷ ማለች። በረንዳው ላይ አኖረችውና ልቧ እየፈራ ሄደች።

ስትመለስ የግቢውን በር የከፈቱላት ሐጃ ናቸው። ሰላምታቸውን በቅጡ ሳትመልስ አልፋቸው ገባች። ወረቀቱ ነጭ ነው። ልደት ክንዷ ድረስ አረፋ ለብሳ የራሷን ልብስ ታጥባለች።

«ምን በደልኩሽ?» አለቻት ሬሕማ።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ሥዕሎቼን የምታጥቢው አንቺ ነሽ።»

ልደት እጇን ከሳፋው አወጣች። «በእመቤቴ፣ እኔ ልብስ ነው የማጥበው። ወረቀትሽን ነክቼው አላውቅም።»

«የሌባ ዓይነ ደረቅ» አለች ሬሕማ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ከበዳት። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም።

ልደት ልብሷን እንደረጠበ ጠቀለለች፣ ሳፋዋን አነሳች፣ ደጅ ወጥታ ባለ ሦስት እግር ረክሻ አስቆመች።

«ወባው ሲመለስብሽ ጀብራ ሠፈር፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነኝ» ብላ ሄደች።

ሬሕማ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ክፍሉ ሰፍቷታል፤ ከእንግዲህ ሥዕሏን የሚነካባት የለም። ቢሆንም ጠዋት ብሩሹን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። አለቀሰች።

በሩ ተንኳኳ። ሐጃ ሉጥፊያ በአንድ እጃቸው የተምር ሳህን፣ በሌላው ባዶ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል። ፊታቸው በርቷል። ምርኩዝ አልያዙም።

«አላህ ይጨምርልሽ፣ የሼኽ ልጅ፤ የትናንቱ ቀይ ማሓያሽ ከሁሉም በለጠ፤ አጥቤ አንዲት ጠብታ ሳላፈስ ጠጣሁት፣ ወላሂ ሩክባዬ ተፈታ፤ ያላ፣ ዛሬም ጻፊልኝ።»